ብርዱ የሚገባባቸው ደቂቃዎች፦ ጊዜያቸው ሳይደርስ ስለሚወለዱ ሕፃናት



የዛሬው ንግግሬ ስለ ሙቀት ነው። ወሩ ሳይደርስ ስለተወለደ ሕፃን ወሬ ሲመጣ መጀመሪያ የምንሰማው «ሙቀት ክፍል ገብቷል» የሚለውን ነው። ዘመድ ይህን ሲሰማ ግማሹ ይደነግጣል፣ ግማሹ «እንኳን ገባ፣ ሐኪም እጅ ላይ ነው» ብሎ ይጽናናል። አንድ ጥያቄ ግን ሳይጠየቅ ያልፋል፦ ሕፃኑ ከማኅፀን ወጥቶ እዚያ ክፍል እስኪደርስ ድረስ ማን አሞቀው? ይህን ጥያቄ ይዤ የመጣሁት እነዚህን ልጆች የሚጎዳው ብርድ አብዛኛውን ጊዜ የሚገባው በሽግግር ላይ ስለሆነ ነው፤ ከማኅፀን ወደ አዋላጇ እጅ፣ ከአዋላጇ እጅ ወደ ሚዛን፣ ከሚዛን ወደ ኮሪደር፣ ከሆስፒታል ወደ ቤት ሲተላለፉ።

ከመሠረቱ ልነሳ። 37 ሳምንት ሳይሞላው የተወለደ ሕፃን ጊዜው ሳይደርስ እንደተወለደ ይቆጠራል። ሲወለድ ከ2500 ግራም በታች የሚመዝን ደግሞ ዝቅተኛ ክብደት ያለው ይባላል። ሁለቱ አንድ አይደሉም፤ ወሩን ጨርሶ በክብደቱ ያነሰ ልጅም አለ። ለብርድ በመጋለጥ ግን ይመሳሰላሉና የምናገረው ለሁለቱም ይሠራል። የጨቅላ ሕፃን የገላ ሙቀት ጤነኛ የሚባለው ከ36.5 እስከ 37.5 ዲግሪ ሴልሺየስ ሲሆን ነው። ከ36.5 ዝቅ ካለ ብርድ ጀምሮታል፤ ከ36 ዝቅ ካለ ፈጥኖ ሊረዳ ይገባል፤ ከ32 በታች ከወረደ ሕይወቱ በብርቱ አደጋ ላይ ናት። ከጤናው ወሰን እስከዚህ አደጋ ያለው ርቀት አራት ዲግሪ ተኩል ብቻ ነው። አሁን የተወለደ እርጥብ ሕፃን ሳይጠረግ ቢቆይ የቆዳው ሙቀት በየደቂቃው 0.3 ዲግሪ፣ የውስጥ አካሉ ደግሞ 0.1 ዲግሪ ያህል ሊወርድ ይችላል።

ሙቀት ከገላው የሚወጣበት መንገድ አራት ነው። ገላው እርጥብ ከሆነ ውሃው እየተነነ ሙቀቱን ይወስዳል። ቀዝቃዛ ነገር ላይ ከተኛ ሙቀቱ ወደዚያ ነገር ያልፋል። ነፋስ ካገኘው አየሩ ጠርጎ ይወስደዋል። አራተኛውን ብዙ ሰው አይጠረጥረውም፤ ሕፃኑ ምንም ሳይነካ፣ ነፋስም ሳያገኘው፣ በቅርቡ ላለ ቀዝቃዛ ግድግዳ ወይም መስኮት ሙቀቱን በጨረር ይሰጣል። መስኮቱ ጥርቅም ተደርጎ ቢዘጋም የአራስ አልጋ ከአጠገቡ ይራቅ የምንለው ለዚህ ነው።

በመጀመሪያዎቹ ደቂቃዎች ብርቱው ትነቱ ነው። ስሌቱን አብረን እንሥራው። አንድ ሚሊ ሊትር ውሃ ከቆዳ ላይ ሲተን 0.58 ኪሎ ካሎሪ ያህል ሙቀት ይወስዳል። አንድ የሻይ ማንኪያ 5 ሚሊ ሊትር ነውና ወደ 2.9 ኪሎ ካሎሪ ይወስዳል ማለት ነው። የ1500 ግራም ሕፃን ገላ በአንድ ዲግሪ እንዲቀዘቅዝ ግን 1.25 ኪሎ ካሎሪ ያህል ማጣቱ ይበቃል። ሙቀቱ በሙሉ ከገላው የወጣ ቢሆን፣ አንድ የሻይ ማንኪያ የእንሽርት ውሃ ብቻ ከሁለት ዲግሪ በላይ ያቀዘቅዘዋል። ፀጉሩ፣ ብብቱና የአንገቱ እጥፋት ምን ያህል ውሃ ይዘው እንደሚወጡ አዋላጅ የሆናችሁ ታውቁታላችሁ። ስለዚህ ወዲያው በደረቅ ጨርቅ ይጠረጋል፤ ያ ጨርቅ ደግሞ ይነሳና በሌላ ደረቅ ጨርቅ ይተካል። እኔ አጥብቄ የምናገረው ስለ ሁለተኛው ጨርቅ ነው። አንድ ጨርቅ ብቻ ተዘጋጅቶ፣ ሕፃኑ በተጠረገበት እርጥብ ጨርቅ መልሶ ሲጠቀለል አይቻለሁ። ተጠርጓል፣ ተጠቅልሏል፤ ግን እየቀዘቀዘ ነው።

ወሩ ያልደረሰው ልጅ በዚህ ላይ የራሱ ጉድለት አለበት። ሰው ሲበርደው ይንቀጠቀጣል፤ በመንቀጥቀጡም ይሞቃል። ጨቅላ ሕፃን ይህን አይችልም። በምትኩ በትከሻዎቹ መካከል፣ በአንገቱና በኩላሊቶቹ ዙሪያ ቡናማ ስብ የሚባል አለው፤ ብርድ ሲመጣ ይህ ስብ እየነደደ ሙቀት ይሰጠዋል። ስቡ ይበልጡን የሚጠራቀመው በመጨረሻዎቹ የእርግዝና ወራት ስለሆነ፣ በሰባት ወሩ የተወለደ ልጅ ስንቁን ሳይቋጥር መንገድ እንደወጣ ሰው ነው። ቆዳው ስስ ነው፣ ከሥሩ ስብ የለም፤ ከክብደቱ አንፃር የገላው ስፋት ከአዋቂ ሰው ይበልጣል። ጭንቅላቱም ከሌላው አካሉ ጋር ሲነጻጸር ትልቅ በመሆኑ ኮፍያ ለእሱ ጌጥ አይደለም።

ሲቀዘቅዝ ምን ይሆናል? ለመሞቅ ሲል ያለውን ጥቂት ስኳር ይጨርሳል፤ ኦክስጅንም አብዝቶ ይፈልጋል። ሳንባው ያልጠነከረ ልጅ ያን ኦክስጅን ከየት ያመጣል? ስኳሩ ሲያልቅ ይደክማል፤ ሲደክም መጥባት ያቅተዋል፤ ካልጠባ ደግሞ ሙቀት የሚያመነጭበት ምግብ የለውም። አሜሪካ ውስጥ ከ1500 ግራም በታች ሆነው በተወለዱ 5277 ሕፃናት ላይ የተደረገና እ.ኤ.አ. በ2007 የታተመ ጥናት፣ ወደ ጽኑ ሕክምና ክፍል ሲገቡ የነበራቸው ሙቀት በአንድ ዲግሪ ባነሰ ቁጥር የመሞት ዕድላቸው በ28 በመቶ ከፍ እንደሚል አሳይቷል። እርግጥ ነው፣ በጽኑ የታመመ ልጅ ይበልጥ ይቀዘቅዛልና ጥፋቱን ሁሉ በብርዱ ላይ መጣል አይቻልም። ነገር ግን እ.ኤ.አ. በ1958 ዊሊያም ሲልቨርማንና ባልደረቦቹ ኒው ዮርክ ውስጥ ሕፃናቱን በዕጣ ለሁለት ከፍለው የማሞቂያ ሣጥኖቻቸውን በሁለት ዲግሪ ሴልሺየስ ያህል አለያይተው ነበር። ሞቅ ባለው ሣጥን ከነበሩት የተረፉት በመቶኛ ሲሰላ በ15 ያህል በለጡ። መድኃኒት አልተጨመረም፣ መርፌ አልተጨመረም፤ የተለወጠው ሙቀቱ ነው።

ቤተሰብን የሚያሳስት አንድ ምልክት አለ። በብርቱ የቀዘቀዘ ሕፃን ፊቱ፣ እጁና እግሩ ደማቅ ቀይ ሊሆን ይችላል። ያየ ሰው «መልኩ መጣለት፣ ደህና ሆነ» ይላል። ዝም ማለቱንም እንደ እርጋታ ይቆጥርለታል። ከመልኩ ይልቅ እጃችሁን እመኑ። እግሩን ዳስሱ፣ ሆዱን ዳስሱ። እግሩ ቀዝቅዞ ሆዱ ከሞቀ ብርዱ እየታገለው ነው፤ ሆዱም ከቀዘቀዘ ብርዱ አሸንፎታል፤ ለነገ አይባልም።

አሁን ወደ ማዋለጃ ክፍል እንግባ። እናቲቱ የ32 ሳምንት ነፍሰ ጡር ናት፤ ሌሊት ነው፤ ከተማው ደጋ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት የማዋለጃ ክፍል ቢያንስ 25 ዲግሪ እንዲሞቅና ነፋስ እንዳይገባበት ይመክራል። በዚያ ሙቀት ጋውን ለብሶ የሚሠራ ሰው ያልበዋል፤ ይሁን፣ ክፍሉ የሚሞቀው ለሠራተኛው አይደለም። ሕፃኑ ተወለደ፤ 1600 ግራም ይሆናል። ተጠረገ። ቀጥሎ ሚዛን አለ። ሚዛኑ ባዶ ከሆነ ከሥሩ ያለው ቀዝቃዛ ነገር ነው፤ ሞቅ ያለ ጨርቅ ቢነጠፍበት ግን የጨርቁን ክብደት ቀንሶ ማስላት ብቻ ነው። ከዚያ ካርድ ይጻፋል። እናቲቱ ተቀድዳ ከሆነ ስፌት አለ። የሕፃናት ክፍሉ ደግሞ ሌላ ሕንፃ ውስጥ ነው፤ አንድ ዘመድ ሕፃኑን አቅፎ ነርሷን ይከተላል፤ ኮሪደሩን አልፈው ግቢውን ያቋርጣሉ፤ በሩ ላይ «ቆዩ፣ አልጋ እየተዘጋጀ ነው» ይባላሉ። በዚህ ሁሉ መካከል አንድም ሰው ሥራውን አልበደለም። እያንዳንዱ ባለሙያ የድርሻውን አድርጓል። ሕፃኑ የደረሰው ግን 35 ዲግሪ ሆኖ ነው። ሐኪሙ ከዚያ በኋላ የሚሰጠው ኦክስጅንም ግሉኮስም ግማሹ በመንገድ የጠፋውን ለመመለስ ይውላል።

ይህን መንገድ ለማሳጠር የሚረዱ ቀላል ነገሮች አሉ። ከ32 ሳምንት በፊት ለሚወለዱት፣ ገላቸውን ከአንገት በታች በንጹሕ የላስቲክ ከረጢት ውስጥ ማስገባት ትነቱን ይገታል። ፊቱ ፈጽሞ አይሸፈንም፣ ራሱ ደርቆ ኮፍያ ይደረግለታል። ዛምቢያ ሉሳካ ውስጥ ተሞክሮ እ.ኤ.አ. በ2013 በታተመው ጥናት፣ በከረጢት ከቆዩት ሕፃናት ከተወለዱ ከአንድ ሰዓት በኋላ ሙቀታቸው በጤነኛው ልክ የተገኘው ከመቶ 59 ያህሉ ናቸው፤ በተለመደው መንገድ ከተያዙት ግን ከመቶ 33 ያህሉ ብቻ። ርካሽ ነገር ነው፤ ቀድሞ ተዘጋጅቶ እጅ ላይ መገኘት ግን አለበት።

ከሁሉ የሚበልጠው ግን የእናት ደረት ነው። እዚህ ለመድረስ ሕክምና ረጅም ዙር ዞሯል። እ.ኤ.አ. በ1880 ፓሪስ ውስጥ ኤትየን ስቴፋን ታርኒዬ የሚባል የማዋለድ ሐኪም የዶሮ ጫጩት መፈልፈያ ማሞቂያ አይቶ፣ ለሕፃናት የሚሆን ሣጥን አሠራ። በሚሠራበት የወሊድ ሆስፒታል ከ2000 ግራም በታች ከሆኑት ሕፃናት ይሞቱ የነበሩት ከመቶ 66 ወደ 38 ወረዱ። ትልቅ ድል ነበር። ተከታዩ ፒየር ቡዳን ግን ሌላ ነገር አስተዋለ፤ ከሕፃናቸው ተለይተው የቆዩ እናቶች አንዳንዶቹ ልጁን ትተውት ይሄዱ ነበር። ስለዚህ እናቶቹ መጥተው እንዲያጠቡ አጥብቆ ይወተውት ጀመር። ከእሱ በኋላ የመጣው ዘመን ምክሩን ዘነጋ። ሣጥኑ እየረቀቀ ሄደ፣ እናት ከመስተዋት ወዲያ ቆማ ተመልካች ሆነች።

መልሱ የመጣው ከድህነት ነው። እ.ኤ.አ. በ1978 ኮሎምቢያ ቦጎታ ውስጥ ዶክተር ኤድጋር ሬይ ሳናብሪያ በሚሠሩበት የእናቶችና ሕፃናት ሆስፒታል ሣጥኑ አልበቃ ብሎ ሕፃናት ተደርበው ይተኙ ነበር፤ አንዱ ከሌላው በሽታ ይጋባባቸዋል፤ የሚጣሉ ሕፃናትም ነበሩ። ቦጎታ እንደኛ ደጋ ናት፤ ከባሕር ወለል በላይ 2600 ሜትር ላይ ትገኛለች። ሐኪሙ ሕፃናቱን ዕርቃናቸውን በእናቶቻቸው ጡት መካከል እያሰሩ ማሞቅ ጀመሩ፤ በቀጣዩ ዓመት ዶክተር ኤክቶር ማርቲኔስ ተቀላቀሏቸው። ልጇን በሆዷ ከረጢት ከምታሳድገው እንስሳ በመነሳት «የካንጋሮ እንክብካቤ» ተባለ።

ወደ አገራችን የመጣው ከብዙዎች ቀድሞ ነው፤ ይህን በኩራት እናገራለሁ። በጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ዶክተር ቦጋለ ወርቁና ዶክተር አሳዬ ካሴ የተባሉ ባለሙያዎች ከ2000 ግራም በታች የሆኑትን ሕፃናት ገና ሳይረጋጉ፣ በመጀመሪያው ቀን ገላ ለገላ ማድረግ ያዋጣ እንደሆነ በዕጣ ከፍለው ሞከሩ። እ.ኤ.አ. በ2005 ባሳተሙት ውጤት በተለመደው መንገድ ከታከሙት ከመቶ 38 ሲሞቱ፣ በካንጋሮ ከተያዙት የሞቱት ከመቶ 22.5 ናቸው። በዚያ ዘመን ዓለም «መጀመሪያ ልጁ ይረጋጋ፣ ከዚያ ለእናቱ ይሰጣል» ይል ነበር። ከአዲስ አበባ የወጣው ይህ ሥራ ጥቂት ሰው ስለተሳተፈበት ብቻውን የዓለምን መመሪያ አልለወጠም፤ ጥያቄውን ግን በትክክል ጠይቆታል።

የመጨረሻው መልስ የመጣው እ.ኤ.አ. በ2021 ነው። የዓለም ጤና ድርጅት በጋና፣ በሕንድ፣ በማላዊ፣ በናይጄሪያና በታንዛኒያ ባሉ አምስት ሆስፒታሎች ከ1000 እስከ 1799 ግራም የሚመዝኑ 3211 ሕፃናትን አስጠንቷል። እንደተወለዱ ወዲያው ደረት ላይ ከዋሉት በ28 ቀን ውስጥ የሞቱት ከመቶ 12 ሲሆኑ፣ ተረጋግተው እስኪሰጡ ከተጠበቁት የሞቱት ከመቶ 15.7 ናቸው። ልዩነቱ በመገለጡ ጥናቱ ከታቀደለት ጊዜ በፊት እንዲቆም ተደረገ። ከቁጥሩ ይልቅ እኔን የሚገርመኝ አሠራሩ ነው፤ ለእናቲቱ አልጋ የተዘረጋላት እዚያው ጽኑ ሕክምና ክፍል ውስጥ ነበር። የእሷም ስፌት፣ የእሷም ደም ግፊት እዚያው ይታይላታል። ሽግግሩ ራሱ ቀረ ማለት ነው። በቀጣዩ ዓመት ድርጅቱ መመሪያውን ቀየረ፦ ከተወለደ ጀምሮ፣ በቀን ከ8 እስከ 24 ሰዓት።

ማሞቂያ ሣጥን አያስፈልግም አላልኩም። መተንፈስ ያቃተው፣ የደም ዝውውሩ የተዳከመ ልጅ መሣሪያ ያስፈልገዋል። መብራት ሲጠፋ ግን የእናት ደረት አይጠፋም። ደረቷ ከልጇ ጋር ይስማማል፤ ልጁ ሲቀዘቅዝ ይሞቃል፣ ሲሞቅ ይበርዳል። መንታ ልጆች በሁለቱ ጡቶች ላይ ሲደረጉ እያንዳንዱ ጡት የየራሱን ልጅ ሙቀት ሲከተል ታይቷል።

አያያዙን ላሳያችሁ። ሕፃኑ ዳይፐር፣ ኮፍያና ካልሲ ብቻ ለብሶ ቀጥ ብሎ በሁለቱ ጡቶች መካከል ይደረጋል። እጅና እግሩ እንደ እንቁራሪት ይታጠፋሉ። ጭንቅላቱ ወደ አንድ ጎን ይዞራል፤ አገጩ ደረቱ ላይ እንዳይወድቅ በጥቂቱ ቀና ይላል፤ አየር የሚገባው እንዲህ ሲሆን ነው። ከዚያ ሰፋ ባለ ጨርቅ ይታሰራል፤ የጨርቁ የላይኛው ጠርዝ ከጆሮው ሥር ይደርሳል፤ ጥብቅ የሚለው ደረቱ ላይ ነው፣ ሆዱ ላይ ላላ ይላል። እናት ስትተኛ ትራስ ደግፋ በጀርባዋ ጋደም ትላለች። በየሁለት በየሦስት ሰዓቱ ይጠባል፤ መጥባት ያልቻለ ታልቦ በትንሽ ስኒ፣ ያም ካልሆነ በቱቦ ይሰጠዋል።

አያቶች ይህን ሲያዩ ይጨነቃሉ፤ እውነታቸውን ነው። «ልጄ፣ ይህ አንድ ፍሬ ልጅ እንዲህ ታስሮ ይተነፍሳል?» ይላሉ። «አዎ እማማ፣ የእናቱ እስትንፋስ ያነቃቃዋል፤ ይልቅ እርስዎ ይያዙትና እሷ ገላዋን ትታጠብ» ስንላቸው ነጠላቸውን አስቀምጠው ይቀበላሉ። አንዴ ከያዙት መመለሱ ነው የሚያስቸግረው። አባትም ይችላል፤ በተለይ እናት በቀዶ ሕክምና ወልዳ ለብቻዋ በተኛችባቸው ሰዓታት የአባት ደረት ክፍተቱን ይዘጋል። አባቶችን በር ላይ የምናቆምባቸው የጤና ተቋማት ይህን ልማድ ብንተው ደስ ይለኛል።

እናት በቀን 16 ሰዓት ልጅ ደረቷ ላይ አስራ የምትውል ከሆነ እንጀራውን ማን ይጋግራል? ትልልቆቹን ልጆች ማን ትምህርት ቤት ያደርሳል? ይህ የሕክምና ጥያቄ ነው፤ እናት ቶሎ የምታወርደው ደክሟት ወይም ሥራ ጠርቷት እንጂ ልጇን ስለማትወድ አይደለም። አራስ ልትጠይቁ ስትሄዱ ገንፎውን በልታችሁ ብቻ አትመለሱ፤ ውሃ ቅዱላት፣ ልብስ እጠቡላት። ሕፃኑን ለማየት «እስቲ ፍቺውና ልየው» አትበሉ። በበሽታ የተያዘ ሰውም ይቅር።

አሁን ስለ ቤት ልናገር። እ.ኤ.አ. በ2019 በተደረገው አገር አቀፍ የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት በአገራችን በጤና ተቋም ይወለዱ የነበሩት ከመቶ 48 ያህሉ ናቸው፤ ስለዚህ ነገሩ ለቤተሰብም ለጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞችም የሚነገር ነው። ቤት የተወለደ ትንሽ ልጅ ወደ ጤና ጣቢያ ይወሰድ፤ ሲወሰድም በእናቱ ደረት ላይ ታስሮ፣ ከላይ ጋቢ ተደርቦ ይሁን። ሕንድ ሐርያና ውስጥ በ8402 ዝቅተኛ ክብደት ባላቸው ሕፃናት ላይ ተደርጎ በዚያው ዓመት የታተመ ጥናት፣ እናቶች ቤታቸው ገላ ለገላ እንዲያደርጉ ሲረዱ በመጀመሪያው ወር የሚሞቱት ሕፃናት በ30 በመቶ እንደቀነሱ አሳይቷል።

ገላውን ወዲያው ማጠብ ይቅር፤ ቢያንስ 24 ሰዓት ይቆይ፣ በጣም ትንሽ ለሆነው ደግሞ ከዚያም ይዘግይ። ቆዳው ላይ ያለው ነጭ ቅባት ቆሻሻ አይደለም፤ ይከላከልለታል። ቅቤ ማስዋጥ ይቅር፤ የመጀመሪያው ቢጫ ወተት አይደፋ። ሙቅ ውሃ የሞላ ጠርሙስ አጠገቡ አታስቀምጡ፤ ስስ ቆዳው ይቃጠላል። ከሁሉም በላይ የምለምናችሁ ስለ ከሰል ነው። ልጁ እንዳይበርደው ብሎ በር ዘግቶ ከሰል ማንደድ እናትንም ልጅንም በአንድ ሌሊት ሊገድል ይችላል፤ የከሰል ጋዝ ሽታ የለውም፣ አያነቃም።

እስከ መቼ ይቀጥላል ለሚለው የተቆረጠ ቀን የለም። ልጁ ወደ 2500 ግራም ሲጠጋ ወይም ሊወለድበት የነበረው ጊዜ ሲደርስ ራሱ ያሳውቃል፤ ይገላበጣል፣ እጁን ከጨርቁ ያወጣል፣ እስኪፈታ ያለቅሳል። ያኔ ይፈታ፤ ከታጠበ በኋላና በብርድ ሌሊት ግን መልሶ ማሰር አይከፋም። ክብደቱ በየቀጠሮው ይታይ፤ በጣም ቀድመው የተወለዱት ዓይናቸውም ጆሯቸውም ይመርመር። መጥባት ከቀነሰ፣ አተነፋፈሱ ከፈጠነ ወይም ደረቱ ወደ ውስጥ ከገባ፣ ካንዘፈዘፈው፣ ወደ ቢጫነት ከተለወጠ፣ ወይም ደረት ላይ ውሎም ገላው አልሞቅ ካለ ቀጠሮ ሳይጠበቅ በዚያው ሰዓት፣ እዚያው ደረት ላይ እንዳለ ወደ ጤና ተቋም ይምጣ።